ለጅማና ለአካባቢዋ የቡና ከተሞች ወላጆች፦ ስለ ልጆቻችሁ የባሕር አውሬዎች



እሸት ቡናው ተለቅሞ ጀንፈሉ ከአልጋ መውረድ ሲጀምር በየቤታችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዓመቱ ገንዘብ እጅ ይገባል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ለልጆች ጫማና ደብተር ይገዛል። ከዚያ ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ ላይ አንዱ ልጅ የፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጥበት ፊት ቆሞ አልሄድም ይላል። ዓይኑን የጣለው በላስቲክ በታሸገ፣ ላዩ ላይ ዳይኖሰር የሚል በተጻፈበት የአውሬ ስብስብ ላይ ነው። ብዙው ልጅ ባለ ትልቅ ጥርሱን ይመርጣል። አንዳንዱ ግን እግር የሌለውን፣ በእግር ፈንታ አራት መቅዘፊያ ያለውን መዝዞ ያወጣል። ደብዳቤዬ የዚህ የሁለተኛው ልጅ ወላጆች ለሆናችሁ ነው፤ አጋሮም ኑሩ ሊሙ ገነት፣ ሰቃም ኑሩ ሸቤ።

እኔ ጅማ የምኖር፣ ዕድሜዬ ከመጫወቻ ካለፈ የቆየ ሰው ነኝ። ያም ሆኖ የጥንት ባሕር አውሬዎችን ቅርጽ እሰበስባለሁ። መደርደሪያዬን የሚያዩ ጎረቤቶቼ ለልጅ የገዛሁት ይመስላቸዋል፤ እኔም አንዳንዴ አላርማቸውም። ከእህቴ ልጆች ጋር ደግሞ አንድ የጋራ ሥራ አለን። አዲስ የመጣውን አውሬ ጠረጴዛ ላይ አድርገን፣ አገላብጠን አይተን፣ የቱ ጋ ልክ እንደሆነ የቱ ጋ እንደዋሸ ደብተር ላይ እንጽፋለን። እናንተንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ልጁ አውሬውን ሲጠይቃችሁ «ተው» አትበሉት፤ ዝም ብላችሁ ገዝታችሁም አትገላገሉት። ግዙለትና ፍረድ በሉት።

ፍርድ እንዴት እንደሚሰጥ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ቡናችሁ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፤ የማን እንደሆነ ሳይነገር በኮድ ብቻ ቀማሾቹ ዘንድ ይገባል። ጥሬው ይታያል፤ ጥቁሩ፣ የነቀዘው፣ የተሰበረው ፍሬ እየተለቀመ ይቆጠራል። ከዚያ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሲኒ ይቀርባል፤ ቀማሹ ድምፅ እያሰማ ይስባል፣ ይተፋል፣ ቁጥር ይጽፋል። እዚህ አገር ያንን ሰው ሥራ ፈት የሚለው አላጋጠመኝም። እንዲያውም አንድ ነጥብ ሲቀንስባችሁ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳችሁም። የእህቴ ልጆች በፕላስቲክ አውሬ ላይ የሚያደርጉት ያንኑ ሥራ ነው። ፋብሪካው ማንም ይሁን፣ ዋጋው ስንትም ይሁን፣ እንከኑን ይቆጥራሉ።

እንከን ለመቁጠር ግን ጤናማው ምን እንደሚመስል ማወቅ ይቀድማል። እንግዲህ ላሳጥረው። በመቅዘፊያ የሚዋኙት እነዚህ አውሬዎች፣ ማሸጊያው ምንም ይበል ምን፣ ዳይኖሰር አይደሉም። በሳይንስ መጽሐፍ ገበሎ አስተኔ ከምንላቸው፣ እነ እባብ፣ እንሽላሊት፣ ኤሊና አዞ ከሚገኙበት ሰፊ ወገን ናቸው፤ በየብስ ከኖሩ አያቶች ተወልደው ወደ ባሕር የተመለሱ። ልጆቻችሁ እጅ የሚገቡት በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። ዓሣ የሚመስለው፣ አፉ የሾለውና ዓይኑ የገዘፈው ኢክቲዮሳውር ነው። ሰውነቱ ጠፍጣፋ፣ መቅዘፊያው አራት፣ ብዙ ጊዜም አንገቱ ረጅም የሆነው ፕሌሲዮሳውር ነው። አንገቱ አጥሮ ጭንቅላቱ የገዘፈው ፕሊዮሳውርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሦስተኛው ሞሳሳውር ነው፤ ዛሬ ካሉት እንስሳት የሚቀርቡት አርጃኖና እባብ ናቸው። ኢክቲዮሳውሮች ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፉ። ሁለቱ የቀሩት ከታላላቆቹ ዳይኖሰሮች ጋር አብረው፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት።

አሁን ከሂርማታ የተገዛ አንድ ሞሳሳውር በእጃችሁ ያዙልኝ። ከእጃችሁ መዳፍ ትንሽ ይረዝማል፣ ጀርባው አረንጓዴ ሆዱ ቢጫ ነው፤ ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር በጎኑ ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። ሆዱ ላይ የተሠራበት አገር ስም አለ እንጂ የእንስሳው ስም የለም። ጀርባውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከማጅራቱ ጀምሮ እስከ ጅራቱ የሚወርድ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ልጆች ይህንን በጣም ይወዱታል። እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ስሕተት ነው፣ ያውም ስሕተቱ የፋብሪካው ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሙኤል ዊሊስተን የተባለ አሜሪካዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ በ1898 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የሞሳሳውር ቅሪት ሲመረምር አንገቱ አካባቢ ተከታታይ የለስላሳ አካል ምልክት አየ፤ የጀርባ ዘርፍ ነው ብሎም ጻፈ። በዓመቱ ዝነኛው የጥንት እንስሳት ሠዓሊ ቻርልስ ናይት ሞሳሳውርን ከነዘርፉ ሣለው፤ ሥዕሉም ዓለምን ዞረ። ዊሊስተን ራሱ በ1902 ያ ነገር ዘርፍ ሳይሆን የአየር ቧንቧ ቀለበቶች እንደሆኑ ገልጾ ቃሉን አነሳ። እርማቱን ግን ሥዕሉን ያየው ሰው ሁሉ አላነበበውም። ይኸው ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አልፎ፣ በአሜሪካዋ ካንሳስ የተነሣ የአንድ ሰው ግምት ጅማ ገበያ ላይ በፕላስቲክ ተቀርጾ ይሸጣል። በ2015 የወጣው «ጁራሲክ ዎርልድ» ፊልም ላይ ሻርኩን ዘሎ የሚውጠው ሞሳሳውርም ጀርባው ላይ የአዞ የሚመስል ሸካራ ረድፍ አለው፤ ግዝፈቱ ደግሞ ከልክ ያለፈ ነው። የእውነተኛው ሞሳሳውር ቆዳ እንደ እባብ ቆዳ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነበር።

ከጀርባው ወደ ጅራቱ ሂዱ። የገበያው አውሬ ጅራት እንደ እባብ ቀጥ ብሎ ሾሎ ያልቃል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶችም ብዙዎቹ እንዲህ ነበር የሚስሉት። በ2013 ግን ዮርዳኖስ አገር ከተገኘ አንድ ቅሪት ላይ የለስላሳው አካል ቅርጽ ሳይጠፋ ስለቆየ፣ የጅራቱ ጫፍ እንደ ሻርክ ሁለት ቅጠል ያለው ክንፍ እንደነበረ ታየ፤ የሻርኩ አጥንት ወደ ላይኛው ቅጠል ሲገባ የዚህ ወደ ታችኛው ይገባል። ስለዚህ ከዚያ ዓመት በፊት የተቀረጸ መጫወቻ ጅራቱ ቢሾል ይቅር ይባላል። ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ግን ነጥብ ይቀነስበታል። ቀጥሎ አፉን ክፈቱ፤ የሚከፈት ከሆነ። ሞሳሳውር ከመንጋጋው ጥርስ ሌላ ላንቃው ላይ ሁለት ረድፍ ጥርስ ነበረው፤ የያዘው ዓሣ ተንሸራትቶ እንዳያመልጠው ወደ ውስጥ ይጎትትበታል። ይህን የሚቀርጹ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው። ያገኛችሁ ቀን ልጁ ቤቱን ሲያተራምስ ታያላችሁ።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት የሞሳሳውርና የኢክቲዮሳውር ቆዳ ላይ ጥቁር የቀለም ቅሪት አግኝቷል፤ ሞሳሳውሩ ላዩ ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ ሳይሆን አይቀርም። ሮዝ ሞሳሳውር ግን ካጋጠማችሁ ለሴት ልጃችሁ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ወንዶቹም ይሻሙበታል።

የፕሌሲዮሳውር መጫወቻ ብዙ ጊዜ እንደ ዳክዬ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ይህም እንከን ነው። ኤላስሞሳውረስ የሚባለው ዝርያ 72 የአንገት አጥንት ነበረው፣ እኛም ቀጭኔም 7 ብቻ ሲኖረን፤ ሆኖም አጥንቶቹ የተጋጠሙበት መንገድ እንደዚያ እንዲታጠፍ አይፈቅድም፣ ክብደቱም ከውኃ በላይ አያስወጣውም። አንዳንዱ መጫወቻ ደግሞ እንደ ኤሊ በአራቱ መቅዘፊያ አሸዋ ላይ ቆሞ ይመጣል። ይህ ፕሌሲዮሳውር እንቁላል ሊጥል ወደ ዳርቻ ይወጣ ነበር ከሚለው የድሮ ሐሳብ የመጣ ነው። በ2011 ኦኪፍና ቺያፔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሆዷ ውስጥ አንድ ትልቅ ጽንስ የያዘች የፕሌሲዮሳውር ቅሪት ይፋ አደረጉ፤ እንግዲህ ልጇን የምትወልደው ውኃ ውስጥ ነበር። የኢክቲዮሳውሩማ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን የታወቀ ነው፤ ከነጽንሱ የተገኘ ቅሪቱ ብዙ ነውና።

እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው። ወላጅ ሆናችሁ «ታዲያ ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው» ብትሉ እውነት አላችሁ። እንግዲህ የሐረሩን መንጋጋ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከመደርደሪያዬ ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ እሱ ነው።

የጁራሲክ ዘመን በሚባለው ጊዜ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ትልቅ ክፍል ከደቡብ ምሥራቅ በኩል በገባ ባሕር ሥር ተኝቶ ነበር። የዓባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ በመንገዱ ዳር ተደርቦ የምታዩት የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው። መቀሌ ዙሪያም አለ፣ ሐረር ዙሪያም አለ። ከእናንተ መካከል ሶፍ ኡመርን ለዚያራ የሄደ ካለ፣ የወይብ ወንዝ ጠርቦ የገባበት ያ ዋሻ የተፈለፈለው ከዚሁ ዘመን የኖራ ድንጋይ ነው።

ከሐረር አካባቢ የተገኘ አንድ የታችኛ መንጋጋ ቁራጭ፣ ያውም የፊተኛው ጫፉ ብቻ፣ ጀርመን አገር ደርሶ ፍሪድሪክ ፎን ሁነ የተባለ ስመ ጥር ተመራማሪ እጅ ገባ። ፎን ሁነ በ1938 ጽሑፉን አወጣ፤ አውሬው ፕሊዮሳውር ነው አለ፣ ሲሞለስተስ ከሚባለው ወገን መደበው፣ ኖቫክ ለሚባለው ጂኦሎጂስት መታሰቢያም ሲሞለስተስ ኖዋኪያኑስ ብሎ ሰየመው። እንዲህ ሆኖ ኢትዮጵያ በዓለም መዝገብ ላይ የራሷ ፕሊዮሳውር ያላት አገር ሆነች። የእንግሊዙ ሲሞለስተስ የታወቀው የመንጋጋው ጫፍ ሰፋ ብሎ ትልልቅ ጥርስ በመሸከሙ ነው፤ ፎን ሁነም በእጁ ያለው ጫፉ ብቻ በመሆኑ አልፈርድበትም።

በ1996 ናታሊ ባርዴና ስቴፋን ኋ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ያንን ቁራጭ እንደገና አዩት። ፕሊዮሳውር አይደለም አሉ። የአዞ ዘመድ ነው፤ በዚያ ዘመን ባሕር ውስጥ ይኖር ከነበረው፣ ረጅም አፍ ካለው የባሕር አዞ ቤተሰብ፣ ከማኪሞሳውረስ ወገን። ጥርሱ እንደ ሌሎቹ አልሾለም፤ ደንደን ያለ፣ ጫፉ የዶለዶመ፣ ላዩ ላይ መስመር ያለው ነው። የዚህ ወገን የንክሻ ምልክት አውሮፓ ውስጥ በኤሊ ልባስ ላይ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ያ ጥርስ ጠንካራ ነገር ለመስበር የተሠራ ነበር። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም የእኛን ማኪሞሳውረስ ኖዋኪያኑስ ብለው ጻፉት። የመጀመሪያው ስም 58 ዓመት ቆየ፤ ማንም ሳይሰርቀው፣ ማንም ሳይዋሽ፣ ተመልሶ የሚያይ ሰው እስኪመጣ ድረስ ብቻ።

ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጆች ስነግራቸው የጠበቅሁት ጥያቄ «ስንት ሜትር ነበር?» የሚል ነበር። ትንሹ ግን «ሁለተኛ ለምን አዩት?» አለኝ። ተማሪ ቤት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። መልሱም ቀላል ነው፤ ማየት ሥራቸው ስለሆነ፣ ፎን ሁነም ቢሆን የሰው ልጅ ስለሆነ ነው። ልጃችሁ አንድ ቀን የመምህሩን መጽሐፍ፣ የዜናውን ወይም የእናንተኑ ቃል «እስቲ ሁለተኛ እንየው» ቢላችሁ ትንሽ ይከብዳችሁ ይሆናል። ደስ እያላችሁ ቻሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ጓሯችሁ ይቆፈራል። ጅማ ላይ እነዚህ አውሬዎች አይገኙም። ከእግራችን ሥር ያለው አለት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ አብዛኛው ዕድሜው ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የማይዘል። አውሬዎቹ ካለቁ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ አለት የእነሱን አጥንት ሊይዝ አይችልም። ልጁ ይህን ስሌት ራሱ እንዲሠራው ስጡት፤ 66 ትልቅ ነው ወይስ 45? ያው እሳተ ገሞራ ፈርሶ የሰጠን ቀይ አፈር ነው ቡናችሁን የያዘው። በአጥንት ፈንታ አፈር ደረሰን፤ ክፉ ዕጣ አይደለም።

ይልቅ ልጆቹን ቦዬ ውሰዷቸው። ጉማሬው ከረግረጉ ብቅ ሲል ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ከውኃ በላይ እንዴት እንደሚቀሩ ራቅ ብለው ይዩ፤ ራቅ ብለው ያልኩት ለጌጥ አይደለም፣ ጉማሬ ሰው ይገድላል። ከዚያ ቤት ተመልሰው የመጫወቻቸውን አፍንጫ ይፈልጉ። የሞሳሳውርና የፕሌሲዮሳውር አፍንጫ አፉ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ ዓይኑ ጠጋ ብሎ ነው የሚገኘው። ብዙ ፋብሪካ ግን ከአዞ ላይ ገልብጦ ጫፉ ላይ ያደርገዋል። የእንከን ቆጠራው እንዲህ ከቤት ይወጣል፣ እንዲህ ይመለሳል።

አሁን የምትሉኝን ልስማ። ገንዘቡስ? የምጠይቃችሁ አንድ አውሬ ነው፤ ያውም ለመከር ጊዜ። መደርደሪያ መሙላት የእኔ አመል ነው፣ ለልጅ አያስፈልገውም። ሦስት አውሬ ያለው ልጅ ሠላሳ ካለው ይልቅ እያንዳንዱን ያውቀዋል። የታወቁት ፋብሪካዎች ሥራ እኛ ዘንድ አይገባም። በ1935 ጀርመን የተመሠረተው ሽላይሽ፣ የፈረንሳዩ ፓፖ፣ ኮሌክታ፣ የቤጂንጉ ፒኤንኤስኦ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ካልሆነ ጅማ አይታዩም። በ1970ዎቹ የእንግሊዙ ኢንቪክታ ከለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጋር ሆኖ በሚዛን የቀረጻቸው፣ ከ1988 እስከ 2015 የአሜሪካው ሳፋሪ ከፒትስበርጉ ካርኔጊ ሙዚየም ሳይንቲስቶች ጋር ያወጣቸው ደግሞ ዛሬ የሰብሳቢ ዕቃ ሆነዋል። እነዚህ ቢመጡም ከምዘናው አያመልጡም። ሊዮፕሌውሮዶን የሚባለውን ፕሊዮሳውር ተመልከቱ፤ በ1999 በቢቢሲ የታየ አንድ ታዋቂ ፊልም 25 ሜትር አደረገው፣ አጥንቱ የሚነግረን ግን የዚያን ሩብ ገደማ ነው። ውድ መሆንና ልክ መሆን ለየብቻ ናቸው።

ጤናውስ? እዚህ ላይ ጠንከር ልበል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ለስላሳው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ ፍታሌት የሚባሉ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ከእነዚህ ስድስቱን በመጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ በሕግ ወስኗል፤ ሦስቱን በማንኛውም መጫወቻ፣ ሦስቱን ደግሞ ልጅ አፉ ሊያስገባው በሚችለው ላይ። ገበያችን ላይ በጅምላ የሚመጣውን ማን እንደመረመረው ማሸጊያው አይነግራችሁም። ስለዚህ ላስቲኩ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው፣ ወይም ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ከለቀቀ፣ አትግዙት፤ የገዛችሁትም ከሆነ መልሱት። ሽታ አለመኖሩ ግን ዋስትና አይሆንም። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ጭራሹን አትስጡ፤ የሚነቀል መቅዘፊያ ጉሮሮ ይዘጋል። ትልልቆቹም ቢሆኑ አፋቸው ውስጥ አያስገቡት፣ ማታ አቅፈውት አይተኙ።

ሃይማኖቱስ? ቅርጽ ያለው ነገር ቤቴ አይገባም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ያንን ለእናንተና ለሸኾቻችሁ እተወዋለሁ። ዘመኑን በሚሊዮን መቁጠር የሚከብዳችሁ ክርስቲያን ወላጆችም አላችሁ፤ ከእናንተም ጋር አልሟገትም። ደብተሩ ግን ያለ አውሬውም ይሠራል። ልጁ የአርጃኖን እግር ከእንሽላሊት፣ የዓሣን ጅራት ከአዞ ጅራት ጋር እያነጻጸረ መጻፍ ይችላል፤ የመመዘኑ ልማድ ያው ነው።

ስለ ደብተሩ ሥርዓት ብዙ ሕግ አታብዙበት። የእህቴ ልጅ፣ አሥር ዓመቷ ነው፣ አንዱን የገበያ ሞሳሳውር እንዲህ ጽፋበታለች፦ «ሆዱ ላይ ስሙ የለም። ጀርባው ላይ መጋዝ አለው፣ እሱ የጉሮሮ አጥንት ነው፣ ተሳስተዋል። ጅራቱ የእባብ ነው። አንዱ ዓይኑ ቀለም አልደረሰውም። ላንቃው ላይ ጥርስ የለውም ግን ምላሱ ሁለት ነው፣ ይህ ጥሩ ነው። ባልዲ ውስጥ ስንጨምረው ሰመጠ፣ ወንድሜ ግን የእሱ ይንሳፈፋል። ከ10 4 ሰጥቼዋለሁ። ወንድሜ 7 ብሏል፣ ምክንያቱን ግን አልጻፈም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ቁጥር ብቻ የሚጽፍ ቀማሽ ማን ያምናል? ፊደሏን ያረምኩላት ነገር የለም፤ እናንተም ስታነቡ ቀይ እስክሪብቶ አትያዙ። የሚከራከሩበት ነገር ካላቸው ግን አጥብቃችሁ ተከራከሯቸው፣ አጥንት ካመጡም ተሸነፉ።

አንድ ሐሳብ ደግሞ ለእጅ ጥበብ ሰዎቻችን አለኝ። የጅማን በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ጠርቦ የሚያወጣ እጅ ለአንድ የባሕር አዞ የሚቸገር አይመስለኝም። እኔ እስከ ዛሬ የማኪሞሳውረስ መጫወቻ እጄ አልገባም፤ የሐረሩ መንጋጋ ባለቤት ያለ ቅርጽ ቀርቷል። ርዝመቱ ስንት ይሁን፣ አፉ ምን ያህል ይሹል፣ ጥርሱ እንዴት ይዶልዱም የሚለውን ልጆቹ ከሌሎቹ የማኪሞሳውረስ አጽሞች ሥዕል ላይ እያዩ ለጠራቢው ይንገሩት። ዋንዛው ቡናችሁን ከሚያጠላው ዛፍ የወደቀ ቅርንጫፍ ቢሆን ወጪው የጠራቢው ድካም ብቻ ነው። የሠራችሁ እንደሆነ አሳዩኝ፤ እኔ አንድ ለራሴ ከፍዬ አሠራለሁ፣ የእህቴ ልጆችም ያለ ርኅራኄ ይመዝኑታል።

አክባሪያችሁ፣
ከጅማ